ገላን ለእናቱ የነገራት

ስለ ኮምፒውተር ላወራ ነው ስል ሰው ሁሉ ሰዓቱን ያያል። እናንተ እባካችሁ አትዩ። ይህ ወሬ መነሻው ኮምፒውተር ይሁን እንጂ መድረሻው የእናት ቤት ነው። መሐሉ ላይ ትንሽ ሽቦና ብረታ ብረት አለ፤ እሱን ቀስ ብዬ አሻግራችኋለሁ።

ሙሉነሽ እባላለሁ። ያኔ ሰበታ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የኮምፒውተር ጥገና» የሚል በእጄ የጻፍኩት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም። መተየብ የለመድኩት ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ለሚጽፍ ለአንድ ራፖር ጸሐፊ በጽሕፈት መኪና ስመታ ነው። ጥገናን ያስተማረኝ ደግሞ ንዴት ነው፤ የራሴ ኮምፒውተር ሲበላሽ ጠጋኙ ‹ነገ ነይ› እያለ ሲያመላልሰኝ፣ አንድ ቀን ካቻቪቴ አንስቼ ራሴ ከፈትኩት። ደንበኛ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ፍላሹ ቫይረሱን ይዞ ይመጣል። በየሳምንቱ ዊንዶውስ መጫን ሲያንገሸግሸኝ አንድ ደንበኛዬ ሊኑክስ የሚባለውን በሲዲ ሰጠኝ።

«ቫይረስ አይዘውም፤ ግን ጠባዩ ከባድ ነው» አለኝ።

«ከባሌ አይብስም» አልኩት። ባሌ ትቶኝ ከሄደ ቆየ፤ ሊኑክሱ ግን አለ።

ቶሌራ ወደ ሱቄ የመጣው በዚያ በማስተር ፕላኑ ግርግር ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ወደ ገበሬው መሬት ልትሰፋ ነው ተብሎ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ልባቸው የተንጠለጠለበት ጊዜ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ስልኩ ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ድምፁ ይጠፋል። ጸጥ ባለ አንድ ማለዳ፣ ቅንድቡ ላይ የድንጋይ ብናኝ የቀረበት ረጅም ጎረምሳ ማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ በሬ ላይ ቆመ።

«እትዬ ሙሉ ማለት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምንድን ነው የተሸከምከው፣ ጤፍ ነው?»

«የወንድሜ አፍ ነው» አለና ሳቀ።

ከከረጢቱ የወጣው በእርጅና ቢጫ የሆነ ኮምፒውተር ነበር። ልጁ ቶሌራ እንደሚባል፣ ቡራዩ ካባ ላይ ኮብልስቶን ጠርቦ እንደሚኖር ነገረኝ። ገላን የሚባል ታናሽ ወንድም አለው። ገላን ሃያዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው፤ ሲወለድ በደረሰበት ጉዳት እጁም እግሩም ምላሱም አይታዘዙለትም። ጭንቅላቱ ግን ምላጭ ነው። ከዓይኑ ሌላ ከሰውነቱ የሚታዘዝለት የቀኝ ጉልበቱ ብቻ ነው። በልጅነቱ ታስተምረው የነበረች አንዲት የውጭ አገር ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ ያንን ኮምፒውተር ትታለት ሄደች። በውስጡ አንድ ፕሮግራም አለ። ስክሪኑ ላይ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ ቀይ ክፈፍ ከሥዕል ወደ ሥዕል ቀስ እያለ ይዞራል። ክፈፉ ገላን የፈለገው ሥዕል ላይ ሲደርስ ገላን በጉልበቱ ማብሪያ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩም ቃሉን ይናገርለታል።

«መጀመሪያ የሚያወራው በፈረንጅ ሴት ድምፅ ነበር» አለኝ ቶሌራ። «እናቴ ደነገጠች። ‹ልጄ ላይ ምን ሰፈረበት?› ብላ ጠበል ልትወስደው ነበር። ስለዚህ ማይክራፎን ተውሼ ሁሉንም በራሴ ድምፅ ቀዳሁት። አንዳንዱን ባማርኛ፣ አንዳንዱን በኦሮምኛ፣ እንደ ቤታችን ወሬ። ማብሪያውን ደግሞ ይኸው ከበር ደወል ሠራሁለት።»

«አሁንስ ምን ሆነ?»

«ጭስ ወጣውና ጸጥ አለ። ይኸው ገላን በዓይኑ ብቻ ሲሰድበኝ ሰነበተ።»

«በዓይን እንዴት ይሰደባል?»

«እርስዎ ገላንን አያውቁትማ!» ብሎ እንደገና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና እንዲህ አለኝ፤ «በዓይኑ አዎና አይ ይላል። አዎ ሲል ይጨፍናል፣ አይ ሲል ወደ ጎን ያያል። ግን ካልጠየቁት መልስ የለውም። ወሬ መጀመር አይችልም። እስቲ ያስቡት እትዬ፤ ሰው ካልጠየቀዎት በቀር አንድ ቃል እንኳ መናገር ባይችሉ።»

«እኔ? ሳይመሽ ነው የምሞተው» አልኩት። ግን ነገሩ ሆዴ ገባ።

ከመርካቶ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ይዞ ነበር፤ ወደሱ እንዳዛውርለት ነው የፈለገው። ቡራዩ ያሉት ጠጋኞች ሁሉ «ጣለው» ብለውት፣ አንዱ ግን «ሰበታ አንዲት ሴትዮ አለች፣ አሮጌ ነገር መጣል አይሆንላትም» ብሎ ነው ወደ እኔ የላከው።

«መንገድ ሲከፈት መጥቼ እወስደዋለሁ» አለኝ ሲወጣ። «ካልሆነልኝ እርስዎ ይምጡ። ከካባው በታች የቶሌራ ቤት ካሉ ማንም ያሳየዎታል። ሃርሜ እርጎ ታጠጣዎታለች።» እናቱን እንዲህ ነበር የሚጠራት፣ ሃርሜ፣ በኦሮምኛ እናቴ ማለት ነው።

አሁን ወደ ብረታ ብረቱ ገባን። አይዟችሁ፣ አጭር ነው።

የአሮጌው ኮምፒውተር ዲስክ ጤነኛ ነበር። ፕሮግራሙንም የቶሌራን ድምፆችም ወደ ላፕቶፑ ገለበጥኩ። ላፕቶፑ ላይ የጫንኩት ሊኑክስ ነው፤ የዊንዶውስን ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድ አስተርጓሚ ደግሞ ነበረኝ። ልከፍተው ስል እምቢ አለ። ደገምኩ፤ እምቢ። ቆይቼ ነው ምክንያቱ የገባኝ። ፕሮግራሙ እጅግ የጥንት ነው፣ ዐሥራ ስድስት ቢት ከሚባለው ትውልድ። አስተርጓሚው ሊያስገባው ቢፈልግም ከርነሉ አላስገባም አለ። ከርነል ማለት የማሽኑ አስኳል ነው፤ ማንኛውም ፕሮግራም ወደ ብረቱ የሚያልፈው በሱ በኩል ስለሆነ እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት። ሠሪዎቹ በዚያ ሰሞን ለዘበኛው አዲስ ትእዛዝ ሰጥተውት ነበር፤ እነዚህን የጥንቶቹን አታስገባ፣ ሲወጡ ከግቢው ምስጢር ጥቂት ይዘው ይወጣሉ የሚል።

ኢንተርኔት ቢኖር ዘበኛው እንዲህ የማይከለክልበትን ሌላ ዓይነት ሊኑክስ አውርጄ በአንድ ከሰዓት እገላገል ነበር። ኢንተርኔቱ ግን ጠፍቷል። በእጄ የነበረው የከርነሉ ምንጭ ጽሑፍ፣ ማለትም ሠሪዎቹ የጻፉት ትእዛዝ፣ ብቻ ነው፤ ቀደም ብሎ የአንድ ደንበኛ ዋይፋይ አስቸግሮኝ አውርጄው የቀረ። እሱን ከፈትኩ። እንግሊዝኛዬ በመዝገበ ቃላት የሚሄድ ነው፤ እያንከስኩ አነበብኩ። ትእዛዙን አገኘሁት። ጥቂት መስመር ናት! ያንን ሁሉ አፍ የዘጋችው ጥቂት መስመር ናት። ከላይዋ ምክንያቷ ተጽፏል። ምክንያቱን አልናቅሁትም፤ ሌባ ባለበት ግቢ በር አይከፈትም። ይህ ላፕቶፕ ግን ከአንድ ሰው ጉልበት በቀር ማንም አይነካውም፣ ኢንተርኔትም አያይም። መስመሮቹን አነሳኋቸውና ከርነሉን እንደ አዲስ መገንባት ጀመርኩ።

መገንባቱ ሰዓታት ይፈጃል። ከመሐል ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ባትሪው የመርካቶ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ሄደ። ጎረቤቴ ባለ ወፍጮው ጄኔሬተር ነበረውና በመስኮት ገመድ ዘረጋልኝ።

«ሙሉ፣ ይሄን ሁሉ ሰዓት ምንድን ነው የምትፈጪው?»

«አስኳል።»

«ማሽላ ቢሆን እስካሁን ገንፎ ደርሶ ነበር» አለኝ።

ውጭ ሱቁ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጓል። ከመንገዱ ወዲያ የጎማ ጭስ ይታያል፣ ራቅ ብሎ አልፎ አልፎ ተኩስ ይሰማል። እኔ በስክሪኑ ላይ የሚወርደውን ጽሑፍ እያየሁ «በርታ፣ በርታ» እላለሁ፣ ለማሽኑ ይሁን ለአገሩ አላውቅም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አለቀ። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት። ተነሳ። ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ሥዕሎቹ መጡ፣ ቀዩ ክፈፍ መዞር ጀመረ። አንዱ ላይ ሲደርስ ተጫንኩ።

«አዎ!» አለ ቶሌራ።

ጎል እንደገባለት ሰው ነው ያላት። ሁሉንም አንድ በአንድ ሰማኋቸው፤ «ሃርሜ»፣ «ነይ»፣ «የለም»። «አይ» የምትለዋን እንደ ልጅ ማባበያ ረዘም አድርጓታል። «ያማል» ላይ ደግሞ እንደ መጥፎ የቲያትር ሰው አቃስቶባት ሳቁን መያዝ አቅቶታል። ብቻዬን ሱቄ ውስጥ ተንከተከትኩ፣ እንባዬም መጣ። ስልክ ደወልኩለት፤ መስመር የለም።

መንገድ ተከፍቷል የሚል ወሬ ስሰማ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ ወጣሁ። ዓለም ገና፣ አየር ጤና፣ ከዚያ ወደ ቡራዩ። ድንጋዩ ወደ ዳር ተገፍቷል፣ ጎማ የተቃጠለበት አስፋልት ጠቁሯል። ታክሲ ውስጥ የሚያወራ የለም። ረዳቱ እንኳ «ቡራዩ፣ ቡራዩ» የሚለውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚጠራው። እኔን ግን ደስታዬ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ አጠገቤ ለተቀመጠችው ሴት ሁሉን ላወራላት ከንፈሬን እየበላኝ ነው የደረስኩት።

ካባው አጠገብ ወርጄ የቶሌራን ቤት ጠየቅሁ። የጠየቅኳት ሴት በእጇ አሳየችኝና ፊቷን አዞረች። ከአጥሩ ውጭ ወንዶች ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ድንኳን የለም፣ ለቅሶ የለም፤ አውቶቡስ የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ኦቦ ደበላ ይባላሉ፣ የእድሩ ዳኛ ናቸው።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከሰበታ። የቶሌራን ዕቃ ይዤ…»

«ቀስ በይ። ድምፅሽን ቀስ አድርጊ።»

ክንዴን ይዘው ከአጥሩ ጥግ ወሰዱኝ። እዚያ ነገሩኝ። ከትናንት ወዲያ፣ ከዋናው መንገድ ላይ፣ ቶሌራን ጥይት አገኘው። ሰልፉ ውስጥ ነበር የሚሉ አሉ፣ ከሥራ እየተመለሰ ነበር የሚሉም አሉ። እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። አጥሩን ያዝኩ።

«እናቱስ?»

«አልሰማችም። ሱሉልታ አጎቱ ጋ ሄዶ መንገድ ተዘግቶበት ነው ብለናታል። ስልክ አይሠራ፣ በምን ታጣራለች? አስከሬኑ ገና ከሆስፒታል አልወጣልንም፤ አጎቱም እየመጣ ነው። ነገ ማለዳ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እንደ ወጉ መርዶውን እንነግራታለን።» ከዚያ በነጠላ የጠቀለልኩትን አዩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

ነገርኳቸው። በቶሌራ ድምፅ የሚናገር ነው ስላቸው ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እንዳታበሪው» አሉኝ። «ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ መቼም ይሁን። ዛሬን ግን እንዳታበሪው፣ አደራ።»

እሺም እምቢም አላልኩ። ወጉ ከእናንተ ጋር አብሬ ያደግሁበት ነው። መርዶ በማለዳ ነው፤ የምትወድቀዋን የሚይዙ እጆች ቀድመው ተሰልፈው። እሱ እስኪሆን አገር ሙሉ አፉን ይይዛል። ደግ ወግ ነው።

በዚህ መሐል እናትየዋ ከበር ብቅ አለች። አዴ ጫልቱ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት።

«እናንተ ሰዎች፣ እንግዳ ውጭ ታቆማላችሁ?» ብላ ጮኸች። «የሰበታዋ አይደለሽም? ላፕቶፑ! ቶሌራ ነግሮኛል፣ ግቢ፣ ግቢ! አካም ጅርታ?» ስማኝ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ። «እሱ ሱሉልታ ቀርቶብሻል። ጓደኞቹ እነሆ ሊጠብቁት ከትናንት ጀምሮ ተኮልኩለዋል። ይምጣ ብቻ፣ አገር እንዲህ ማስጨነቁን አሳየዋለሁ!»

ሳቅሁላት። እንዴት እንደሳቅሁ አትጠይቁኝ።

ገላን መስኮቱ ሥር፣ ከእንጨት በተሠራ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሁለት የጎረቤት ሴቶች አጠገቡ አግዳሚ ላይ አሉ። አዴ ጫልቱ እርጎ ልታመጣ ወደ ጓዳ እንደገባች ሴቶቹ ተጠጋጉ።

«ደረቱን ነው አሉ።»

«ሳጥኑን ማን አዘዘ?»

«የእድሩ ሰዎች። ነገ ከሆስፒታል እንደወጣ…»

ይህ ሁሉ ከገላን ጆሮ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። በዓይኔ ወደሱ አመለከትኳቸው።

«እሱ?» አለች አንዷ። «እሱማ ምን ይላል ብለሽ ነው?»

ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን እያለች በነጠላዋ ጫፍ አፉን በስሱ ትጠርግለት ነበር።

ያኔ ዓይኑን አየሁት። አግዳሚው ላይ ተጠግቼ ተቀመጥኩና በጆሮው «ገላን፣ እኔ ሙሉ ነኝ። የቶሌራን ነገር ሰምተሃል?» አልኩት።

ጨፈነ።

«ከትናንት ጀምሮ?»

ጨፈነ። ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት የአጥር ጥግ ከዚሁ መስኮት ሥር ነው። ከእናቱ የሸሸ ሹክሹክታ ሁሉ ተጠራቅሞ የገባው እሱ ጆሮ ውስጥ ነው። እናቱ ደግሞ እያጎረሰችው፣ ወንድምህ ዛሬ ይመጣል ትለዋለች። ‹ቶሌራ ሞቷል ወይ?› ብሎ የሚጠይቀው ሰው ከሌለ ገላን መልስ የለውም።

«ለእናትህ መንገር ትፈልጋለህ?»

ጨፈነ። ቶሎ አልገለጠም።

አዴ ጫልቱ እርጎውን ይዛ ተመለሰች። «እህስ፣ ተሠራ ወይስ ገና ነው?»

ገና ነው ብል ያልቅ ነበር። አንድ ቃል ናት፤ ኦቦ ደበላም ይመርቁኝ ነበር። ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር። ገላን ግን ያየኛል። በዚያ ቤት ዙሪያ ስለ ቶሌራ ማን መቼ እንደሚናገር ያልተማከረ ሰው አልነበረም፤ ከወንድሙ በቀር።

«ተሠርቷል» አልኩ።

አንደኛዋ ሴት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ሌላዋ ተነሥታ ወደ ውጭ ሮጠች። ላፕቶፑን ፊቱ አስቀምጬ ሽቦውን መብራት ላይ ሰካሁ፣ የደወሉን ማብሪያ ከጉልበቱ ሥር አስገባሁ። ክፈፉ መዞር ጀመረ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ ተጫነ።

«ሃርሜ!» አለ ቶሌራ።

አዴ ጫልቱ እልል አለች። «ልጄ ተናገረ! ልጄ አፉ ተመለሰ!» ውጭ ያሉት ሰዎች ከዚያ ቤት እልልታ ሲሰሙ ምን እንዳሉ እግዜር ይወቅ።

«ነይ።»

«መጣሁ የኔ ጌታ፣ መጣሁ።» ፊቱ ተንበረከከች።

«ቶሌራ። የለም።»

«አዎ የለም፣ ሱሉልታ ነው። ይመጣል።»

«አይ።»

«ምን አይ? አጎትህ ጋ ነው እኮ፤ ኦቦ ደበላ ነገሩኝ።»

«አይ።»

«ታዲያ የት ሄደ? አሰሩት?»

«አይ።» ያቺው ረዘም ያለችው፣ የማባበያዋ «አይ»።

ሳቋ ከፊቷ ላይ ወረደ። ክፈፉ ዞረ፣ ገላን ጠበቀ፣ ተጫነ።

«ያማል» አለ ቶሌራ፤ ያንን የውሸት ማቃሰት አቃሰተና ሳቁን ዋጠ።

«ቆሰለ? ሆስፒታል ነው? ንገረኝ ልጄ፣ ሆስፒታል ነው?»

ክፈፉ አዎ ላይ ደረሰ። ገላን አልተጫነም። አይ ላይ ደረሰ። አልተጫነም። ሙሉ ዙር ዞሮ መጣ፣ አሁንም አሳለፈው። ለዚህ ጥያቄ አንዱም እውነት አልነበረም። ከዚያ «የለም» አለ። እንደገና፣ «የለም»።

አዴ ጫልቱ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። የቀረችውን ጎረቤቷን አየች። በሩ ላይ ኦቦ ደበላ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር፤ እሳቸውንም አየች። ማንም ዓይኗን ሊያይ አልቻለም። ወደ ገላን ተመለሰችና በኦሮምኛ፣ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ገላን። ወንድምህ ሞቷል?»

ክፈፉ ከሥዕል ወደ ሥዕል ሄደ። በሕይወቴ እንደሱ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር አላየሁም። ሽቦውን ልነቅል እችል ነበር። ክፈፉ ደረሰ፣ ጉልበቱ ተጫነ።

«አዎ!» አለ ቶሌራ፣ ጎል እንደገባለት ሰው።

የጮኸችውን ጩኸት አልጽፈውም። ገላን ጉልበት ላይ ነው የወደቀችው። ጭንቅላቷ በጉልበቱ በኩል ማብሪያውን እየተጫነው ነበርና ማሽኑ የቶሌራን ቃላት አከታትሎ ያወርድባት ጀመር፤ ዘልዬ ሽቦውን ነቀልኩት።

ቤቱ በሰው ከተሞላና አዴ ጫልቱን ሴቶች ከያዙዋት በኋላ ኦቦ ደበላ ወደ እኔ መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ምነው ልጄ? መርዶ ለብቻ ይነገራል? የሚይዛት ሰው ሳይቆም?»

«እሱ ለብቻው ነው የሰማው፣ አባቴ» አልኳቸው፤ ገላንን አሳየኋቸው። «መስኮቱ ሥር ስትነጋገሩ።»

ኦቦ ደበላ መስኮቱን አዩ፣ ወንበሩን አዩ። ሄደው ገላን ፊት ጎንበስ አሉ፣ ያቺን የማትታዘዝ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ገላን፣ እግዜር ያጽናህ ልጄ» አሉት። «ከሁሉ በፊት አንተን ነበር ማለት የነበረብን።»

ያኔ ነው ያለቀሰው። ማሽኑ ተነቅሏል፤ ድምፁ የራሱ ነበር። ቃል የለውም፣ ግን በዚያ ቤት ያልገባው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ቶሌራ ሲቀበር ጎረምሶቹ ገላንን ከነወንበሩ ተሸክመው ወሰዱት።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ልክ ሠርቻለሁ ብዬ አልነግራችሁም። ጓደኞቼ እንኳ እኩሉ «እንኳን አበራሽው» ይሉኛል፣ እኩሉ «ምን ቸኮለሽ» ይሉኛል። አዴ ጫልቱ ራሷ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፤ «በማግስቱ ማለዳ ቢነግሩኝ ኖሮ አንድ ሌሊት ሁለት ልጅ ይዤ አድር ነበር።» ቀጥላ ደግሞ፣ «ያቺን ሌሊት ግን ገላን ብቻውን ያድራት ነበር» አለች። ሁለቱንም እኩል ከልቧ ነው ያለችው።

እኔ ላይ የቀየረውን ልንገራችሁ። ሕመምተኛ ያለበት ቤት ስገባ መጀመሪያ ሰላም የምለው እሱን ነው። አጠገቡ ተቀምጬ ስለሱ በሦስተኛ ሰው አላወራም። ዝም ያለ ሰው አይሰማም ማለት እንዴት ያለ ድፍረት ነው! ምስጢራችንን የምናራግፍበት ቦታ አድርገን የቆጠርነው ሰው፣ ሁሉንም ለብቻው ተሸክሞ ይቀመጣል። ዞር ብላችሁ ቤታችሁን እዩ፤ ምናልባት እናንተም ጋ መስኮት ሥር የተቀመጠ አለ።

አሁንም ቡራዩ እሄዳለሁ። ላፕቶፑን ማንም እንዳያድሰው አስጠንቅቄያለሁ፤ ከታደሰ ዘበኛው ተመልሶ በሩን ይዘጋል። ከአርባው በኋላ የሄድኩ ጊዜ ግን ማሽኑ አቧራ ለብሶ አገኘሁት። ገላን ማብሪያውን አልነካም ብሏል። አንድ ቃል በተናገረ ቁጥር እናቱ ስለምታለቅስ ነው ዝም ያለው። ጠይቄው በዓይኑ ነው የነገረኝ።

«የአጎታችሁን ልጅ ድምፅ ልቅዳበት?» አልኩት።

ወደ ጎን አየ። እናቱን ብጠይቅ እሷም እምቢ አለች። ተነሥታ አቧራውን በእጇ ጠረገች፣ ማብሪያውን ራሷ ጉልበቱ ሥር አስገባችና ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣

«ተናገር» አለችው። «ባለቅስም ተናገር።»

ክፈፉ ብዙ ዞረ። ተስፋ ልቆርጥ ስል ጉልበቱ ተጫነ።

«በረደኝ» አለ ቶሌራ።

አዴ ጫልቱ እያለቀሰች ሄዳ ጋቢ አመጣች፤ ገላንን እስከ አንገቱ ሸፈነችው።